ኤውሪዲኬን ማን ጠየቃት?

ኦርፌዎስ በግሪክ አፈታሪክ ወደር የሌለው ክራር ደርዳሪ ነው። ሲጫወት አውሬው ይገራል፣ ዛፉ ከሥሩ ተነቅሎ ይከተለዋል። ሚስቱን ኤውሪዲኬን በሠርጓ ሰሞን እባብ ነድፎ ገደላት። እሱም ክራሩን አንግቶ ሙታን አገር ወረደና ገዢዎቹን በዜማ አራርቶ አስመለሳት። የተሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ነበር፦ ከጨለማው እስክትወጡ ድረስ ዞረህ እንዳታያት። አላስቻለውም፣ ዞረ። እሷም ለሁለተኛ ጊዜ ሞተች።

እንግዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ የተለቀሰው ለኦርፌዎስ ነው። ኤውሪዲኬስ? የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል ጥቂት ስንኝ እንድትናገር ፈቅዶላታል። ኦቪድ ደግሞ ቅሬታ እንኳ አላሰማችም ይለናል፤ መወደድ ምን ያስከፋል ባይ ነው። የስንብት ቃሏም በቅጡ አልተሰማም። መጀመሪያውኑ መመለስ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ነገሩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኤች.ዲ. በሚል ስም የምትጽፈው አሜሪካዊት ሂልዳ ዱሊትል «ኤውሪዲኬ» የተባለ ግጥም አሳተመች። የምትናገረው ሟቿ ራሷ ናት፤ ደግሞም ተቆጥታለች። ሁሉን ረስታ ካረፈችበት የቀሰቀሳት፣ ብርሃን አሳይቶ መልሶ የነጠቃት የባሏ ትዕቢት ነው። ግን ከስሳ ብቻ አታበቃም። እዚያው ጨለማ ውስጥ ማንም የማይወስድባት የራሷ ብርሃን እንዳላት ትነግረዋለች።

በ1999 ደግሞ የብሪታንያዋ ካሮል አን ደፊ «የዓለም ሚስት» በተባለው መድበሏ ታሪኩን በሳቅ ገለበጠችው። የደፊ ኤውሪዲኬ ሞት ተስማምቷታል፤ እግር በእግር እየተከተለ ግጥም ከሚደረድርባት ሰው ተገላግላለች። ሊወስዳት ሲመጣ መንገዱን ሁሉ የምታስበው እንዴት አድርጋ እንደምታዞረው ነው። በመጨረሻ ደካማ ጎኑ ትዝ አላት፦ ግጥምህ ድንቅ ነው፣ እስቲ ድገምልኝ አለችው። ሙገሳ የማያዞረው ባለቅኔ አለ? ዞረ!

ልብ በሉ፣ ታሪኩ አልተነካም። በሁሉም ዘንድ ሰውየው ይወርዳል፣ ይዟት ይወጣል፣ ይዞራል፣ ያጣታል። የተለወጠው ተናጋሪው ነው። ያው አንድ መዞር በኦቪድ ፍቅር፣ በኤች.ዲ. ትዕቢት፣ በደፊ የማምለጫ ዘዴ ሆነ። አሜሪካዊቷ ገጣሚና ሐያሲ አሊሺያ ኦስትራይከር በ1982 ስለ ሴት ገጣሚዎች እንዲህ ያለ አሠራር የጻፈችው መጣጥፍ ርእስ «የቋንቋ ሌቦች» ይላል። አንባቢ ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ገጣሚዋ በማስረዳት ጊዜ አታጠፋም፤ በቀጥታ የድሮው ተራኪ ዘሎት ያለፈው ቦታ ላይ ትገባለች።

ይህ የዘመናችን ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ በሌስቦስ ደሴት የኖረችው ሳፎ፣ ብዙዎች የትሮይ ጦርነት ጠንቅ ብለው የረገሟትን ሔለንን አልረገመችም። ከሁሉ የሚያምረው ሰው የወደደው ነገር ነው ለሚለው ሐሳቧ ምስክር አድርጋ ጠራቻት። ይህ ግጥም የደረሰን በግብጽ ኦክሲሪንኩስ ከተገኘ የተቀዳደደ ፓፒረስ ነው።

ሴት ገጣሚዎች በጣም የተመላለሱበት ታሪክ ግን የፐርሴፎኔ ሳይሆን አይቀርም። የሙታን ገዢ ሐዴስ ልጅቷን አበባ ስትቀጥፍ ጠለፋት። እናቷ ዴሜተር የእህል አምላክ ነበረችና ምድርን በረሃብ ቀጣች። ልጅቷ ተመለሰች፤ ግን እዚያ ሳለች የሮማን ፍሬ ቀምሳ ስለነበር የዓመቱን ሲሶ ከሐዴስ ጋር እንድትኖር ተፈረደባት።

አሜሪካዊቷ ሪታ ዶቭ በ1995 «የእናት ፍቅር» በተባለው መጽሐፏ ፐርሴፎኔን ፓሪስ ወሰደቻት፤ ከቤት ርቃ በዕድሜ የሚበልጣት ወንድ እጅ የምትወድቅ ወጣት አደረገቻት። አየርላንዳዊቷ ኢቫን ቦላንድ «ሮማኑ» በተባለው ግጥም እናቲቱ ሆና ትናገራለች፦ የተኛች ልጇን እያየች ላስጠንቅቃት ወይስ ልተዋት ትላለች። ዝምታን ትመርጣለች፤ ልጅቷም የራሷን ሮማን መቅመስ አለባትና። በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ሉዊዝ ግሉክ ደግሞ ሁለቱንም ወገን አታምንም። «አቬርኖ» የተባለው የ2006 መጽሐፏ ስሙን የወሰደው ሮማውያን የሙታን ዓለም በር ነው ይሉት ከነበረ ኔፕልስ አጠገብ ካለ ሐይቅ ነው። በዚህ መጽሐፍ እናትና ጠላፊ ይሟገታሉ፣ ልጅቷ የሚሟገቱባት ንብረት ሆና ትቀራለች። እንግዲህ አንድ ጠለፋ በልጅ፣ በእናትና በታዛቢ ዓይን ሲታይ ሦስት የተለያየ ሐዘን ይወጣዋል።

ፔኔሎፔንም አትርሷት። ኦዲሲ በተባለው የጥንት ግሪክ ረጅም ግጥም መጀመሪያ ላይ ልጇ ቴሌማኮስ ንግግር የወንድ ነው ብሎ ወደ ክፍሏ ይመልሳታል፤ እሷ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየተረተረች የባሏን የኦዲሴዎስን መመለስ ትጠብቃለች። ግሪካዊቷ ካተሪና አንጌላኪ ሩክ በ1977 ሌላ ሥራ ሰጠቻት፦ ፔኔሎፔ አትሸምንም፣ ትጽፋለች፤ የጻፈችውንም ትሰርዛለች። ሺህ ዓመታት የታማኝ ሚስት ምልክት የነበረው መተርተር የደራሲ ረቂቅ ሆነ።

አንድ ነገር ላይ እንዳትሳሳቱ፤ ጎበዞቹ ገጣሚዎች እነዚህን ሴቶች ቅዱሳን አያደርጓቸውም። ሌላዋ የአፈታሪክ ሴት፣ የደፊ ሜዱሳ፣ ያየችውን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገው ባሌ ይከዳኛል በሚል ቅናት ተመርዛ ነው። ታሳዝናለች፣ ታስፈራለችም። ተናጋሪ መሆን ማለት ጥፋትንም በራስ አፍ መናገር ነው፤ እንከን የሌላት ሔለን የተረገመችውን ሔለን ያህል ባዶ ትሆን ነበር።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከደፊ ጀምሩ፤ ትስቃላችሁ። ቀጥሎ ቦላንድን፣ ከዚያ ግሉክን። ግን ከእያንዳንዱ ግጥም በፊት የጥንቱን ታሪክ አንብቡ። ሌባ ምን እንደወሰደ የሚያውቀው ቤቱ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ነው።