ቀዩ ሥጋና ነጩ ጅማት

ለጥብስ ሥጋ የሚከትፍ ሰው ቢላው የት ላይ እንደሚያስቸግረው ያውቃል። ቀዩ እሺ ብሎ ይቆረጣል፤ ነጩ ልፋጭና ጅማት ግን እምቢ ይላል፣ ተገፎ ይወጣል። በጎንደርም ሆነ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩበት በእስራኤሏ ኔታንያ የኪርያት ኖርዳው ሰፈር ይህን የማታውቅ ባለሙያ አትገኝም። ቀዩ ጡንቻ ነው፤ ነጩ ደግሞ የሕክምና ሰዎች አያያዥ ህብረ ህዋስ የሚሉት።

ጡንቻ አብዛኛው ሕዋስ ነው። በረጃጅም ሕዋሶቹ ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የተባሉ የፕሮቲን ክሮች ተደርድረዋል። የነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ አንዱ ክር በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ጡንቻውም ያጥራል። መጎተት እንጂ መግፋት አይሆንለትም፤ ክንድን የሚያጥፈው ከፊት፣ የሚዘረጋው ከኋላ የሆነውም ለዚህ ነው።

አያያዥ ህብረ ህዋስ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ሕዋሶቹ ጥቂት ናቸው፤ ተራርቀው፣ ራሳቸው ባመረቱት ነገር ተከበው ይኖራሉ። ጉልበቱ ያለው በከበባቸው ነገር ላይ ነው። በጅማት ውስጥ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን እንደ ጠፍር ተገምዷል፤ በአጥንት ውስጥ ማዕድን ይታከልበታል። ቅልጥም ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ስለተለወጠ ነው። ስብም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። ደምም ጭምር! እዚህ ላይ የማይደነቅ ተማሪ የለም፤ ግን የደም ሕዋሶችም በፈሳሽ ተከበው የሚኖሩ ናቸው።

ሁለቱ ሲገናኙ ማየት የፈለገ ባቱን ይዳስስ። የባት ጡንቻ ወደ ታች እየቀጠነ ይሄድና የአኪሌስ ጅማት ሆኖ ተረከዝ ላይ ይተከላል፤ ከሰው ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው። ሯጭ መሬት ሲረግጥ ይለጠጣል፣ ሲያነሳ ይመለሳል፤ ያጠራቀመውን ኃይል ስለሚመልስ ጡንቻው ድካም ይቀንስለታል።

ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ የሮጠው ይህ ጅማቱ ታሞ ነው። ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በሰከንድ 9 መቶኛ ቀድሞ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በተከታዩ ዓመት ኤድመንተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ። የጅማት ጉዳት ከጡንቻው ይልቅ ለመዳን ይዘገያል፦ ጡንቻ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ቀላል ጉዳቱ በሳምንታት ይሽራል። ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፤ ከተበጠሰ ወራት ይፈልጋል። በልምምድም እንዲሁ ጡንቻው ቶሎ ይፈረጥማል፣ ጅማቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ገና በጀመረ በወሩ ርቀቱን እጥፍ የሚያደርግ ሰው ተረከዙ አካባቢ የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

ኢትዮጵያ የተወለደው ማሩ ተፈሪ በ2023 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ለእስራኤል ሮጦ በማራቶን የብር ሜዳሊያ አገኘ። 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እግር በሺዎች የሚቆጠር እርምጃ ይረግጣል፣ እያንዳንዱም በዚያ ጅማት ላይ ያልፋል።

የአኪሌስ ጅማቱ ለታመመ ሰው ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ልምምድ እስከ ዛሬ ይታዘዛል። በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አንዴ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ታጥፎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት።