የባቢሌ ኦቾሎኒና በጨለማ የሚታይ ብርሃን

ከመካከላችን በሸዋ በር ገበያ ሲያልፍ አንድ ጣሳ ኦቾሎኒ ገዝቶ ኪሱን ያልሞላ ተማሪ የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የወር መጨረሻ ሲደርስ እራት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ብዙው የሚመጣው ከባቢሌ፣ ከፈዲስና ከጉርሱም ነው። ዛሬ ባልንጀሮቻችንን ልናጫውት ያሰብነው ግን ስለ ጣዕሙ አይደለም፤ በውስጡ ሊገኝ ስለሚችለው መርዝና ይህን መርዝ ለመለካት ስለሚሠራበት አንድ የብርሃን ዘዴ ነው።

መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል። ኦቾሎኒው ገና በመሬት ሳለ ድርቅ ሲያስጨንቀው፣ ወይም ከተነቀለ በኋላ በቅጡ ሳይደርቅ በጆንያ ሲከማች የሚያድግ ሻጋታ ያመነጨዋል። ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ከ100,000 በላይ ባለቁ ጊዜ ነው። ሰውንም ጉበቱን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ በኪሎ ከ4 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም፤ ይኸውም አንድ ኪሎ 250 ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አንዲቱ እጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ኦቾሎኒ ከ15 እስከ 11,900 ገደማ ማይክሮግራም አግኝቷል።

መለኪያው የለም አይባልም፤ አለ፤ ዳሩ ግን ውድ መሣሪያ ባለበት ላቦራቶሪ ነው። ውጤቱ እስኪመለስ ጆንያው ተሽጦ ተበልቷል።

አፍላቶክሲን በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታ ራሱ ሰማያዊ ይፈካል። ነገር ግን መብራት እያበሩ ደብዛዛ ብርሃን መፈለግ በቀትር ክብሪት ጭሮ ነበልባሉን ከሩቅ ለማየት እንደ መሞከር ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን በጀጎል ጠባብ ኡጋ ውስጥ የተጫረ አንድ ክብሪት ከመንገዱ ጫፍ ይታያል። ኤሌክትሮኬሚሉሚኔሰንስ የሚሉት ዘዴ በዚህ ጨለማ ይጠቀማል፤ ብርሃኑ ከመብራት አይመጣም፣ ከኤሌክትሮዱ ላይ ይወለዳል እንጂ።

ሩቴኒየም የተባለ ብረት ያለበት ውሕድና አሚን የተባለ ረዳት ኬሚካል በውሃ ይቀላቀላሉ። ኤሌክትሮዱ አንድ ቮልት ተኩል የማይሞላ ኀይል ሲሰጠው ሁለቱም ኤሌክትሮን ያጣሉ። ከዚያም አሚኑ በተራው ተለውጦ ለሩቴኒየሙ ኤሌክትሮን ሲመልስለት ሩቴኒየሙ ኀይል ይሞላና ብርቱካናማ ብርሃን ይለቃል፤ ወዲያውም ለሌላ ዙር ይዘጋጃል። ይህን የሩቴኒየም ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳወቀው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የአለን ባርድ ቡድን ነው። ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ሆርሞን የሚለኩ መሣሪያዎች በዚሁ ይሠራሉ።

ታዲያ ናኖ የተባሉት ደቃቅ ነገሮች ምን ያደርጋሉ? አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ የወርቅ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ አለው። ያንኑ ወርቅ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብንቆራርጠው (ወርቁን የሚያበድረን ሰው ከተገኘ) ገጹ ሁሉ ተደምሮ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የወርቅ ደቃቅ የተቀባ ኤሌክትሮድ መርዙን ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲዎችን በብዛት ይሸከማል፤ ኤሌክትሮንም በቀላሉ ያሳልፋል። የሲሊካ ደቃቅ ደግሞ አንዲቱ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሩቴኒየም በሆዷ ትይዛለች፤ አንድ ክብሪት ጭረን አንድ ችቦ እንዳበራን ያህል ነው።

አፍላቶክሲን ትንሽ ሞለኪውል በመሆኑ ሁለት አንቲቦዲዎች ባንድ ጊዜ ሊይዙት አይችሉም። ስለዚህ ሽሚያ ይደረጋል። ሩቴኒየም ያዘለ አፍላቶክሲን ከናሙናው አፍላቶክሲን ጋር በኤሌክትሮዱ ላይ ለቦታ ይሻማል። በናሙናው መርዝ ከበዛ ብርሃን ያዘለው ቦታ ያጣል፤ ይታጠባል። እንግዲህ ብርሃን ሲደምቅ ኦቾሎኒው ደኅና ነው፤ ሲጨልም ክፉ ነው። ይህን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ፣ «የተበላሸ መሣሪያም እኮ ጨለማ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ መርዝ የሌለበት መሆኑ የታወቀ ናሙና አብሮ ካልተለካ ጨለማውን ማመን አይገባም።

እኛን የሚያስጨንቀን ግን ሌላ ነው። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይበተንም፤ ከሺዎች ፍሬዎች ጥቂቶቹ ብቻ ተሸክመውት ይገኛሉ። አንድ እፍኝ ዘግኖ የሚለካ ሰው፣ መሣሪያው የቱን ያህል ረቂቅ ቢሆን፣ መጥፎውን ጆንያ ደኅና ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ከየቦታው ብዙ ወስዶ ፈጭቶ ማደባለቅ ያስፈልጋል፤ መርዙንም ከቅባቱ ለይቶ የሚያወጣ ሜታኖል ይፈለጋል። አንቲቦዲው ቅዝቃዜ ይሻል፤ ገበያው ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ጆንያው ክፉ ነው በተባለ ጊዜ ኪሳራው የማን ይሆናል? በዱቤ አምጥታ በጣሳ የምትቸረችረው እናት ከሆነች፣ ነገ ናሙና የምትሰጠን አይመስለንም። ስለዚህ መለኪያው በችርቻሮው ቦታ ሳይሆን ጅምላው በሚራገፍበት ቢቆም፣ ለደኅናውም ጆንያ ጥቂት ብልጫ ቢከፈል ይሻላል እንላለን።

ቆልቶ መብላት መርዙን ቢቀንሰው እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ለቅሞ መጣል ግን ብዙውን ያስወግዳል። ይህን በመኝታ ክፍላችን ጀምረናል፤ ከአንድ ጣሳ አሥራ አንድ ፍሬ ጣልን፤ የቀረውን በላን።