የኦሌድ ስክሪን ለምን ይርገበገባል? የፒክስል ሰርኪዩት ንድፍና የብርሃን መረጋጋት



በሆሞሻ ወይም በአሶሳ ዙሪያ ባለ መንደር ማታ ለሚያጠና ተማሪ መጽሐፉም መብራቱም ብዙ ጊዜ አንድ ዕቃ ነው፤ እርሱም በእጁ ያለው ስልክ ነው። በጨለማ ስለሚያነብ፣ ባትሪውንም ስለሚቆጥብ፣ የስክሪኑን ድምቀት ዝቅ ያደርጋል። የስልኩ ስክሪን ኦሌድ ከሆነ ግን፣ ሳያውቀው አብዛኛው ስክሪን አብዝቶ የሚርገበገብበትን ሁኔታ መርጧል። አንዳንዱ አንባቢ ዐይኑ ይደክማል፣ ራሱንም ያመዋል፤ ምክንያቱን ግን በእንቅልፍ ማጣት ያሳብባል። ስለዚህ ዛሬ ከአንድ ፒክስል በስተጀርባ ስላሉት ጥቂት ትራንዚስተሮች እናገራለሁ።

ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ እ.ኤ.አ. በ1987 በኮዳክ ኩባንያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ኦርጋኒክ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ካሳዩ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ የሚወጣው ብርሃን የሚያልፈውን ከረንት ይከተላል። እንግዲህ ከረንቱ ከተናወጠ ብርሃኑም ይናወጣል።

በቀላሉ ሰርኪዩት ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮችና አንድ ካፓሲተር አሉ። አንደኛው ትራንዚስተር በር ነው፤ ሲከፈት የምስሉ ቮልቴጅ ወደ ካፓሲተሩ ይገባል። ሁለተኛው በዚያ በተጠራቀመው ቮልቴጅ መጠን ለዳዮዱ ከረንት ይሰጣል። ካፓሲተሩን በእንስራ እንመስለው፤ እንስራው ውኃውን እስከሚቀጥለው ቅጂ ድረስ መያዝ አለበት። የሸክላ እንስራ ግን ያዣል፤ የተዘጋ ትራንዚስተርም እንዲሁ ጥቂት ከረንት ያሾልካል።

በቁጥር እንየው። ካፓሲተሩ 50 ፌምቶፋራድ፣ የሚሾልከው ከረንት 0.1 ፒኮአምፔር ይሁን። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ የአንዱ ምስል ዕድሜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ በ33 ሚሊቮልት ይዛነፋል። ትራንዚስተሩ ከመክፈቻ ቮልቴጁ በላይ 1 ቮልት ብቻ ከተሰጠው፣ ከረንቱ የቮልቴጁን ካሬ ስለሚከተል ብርሃኑ ወደ 7 በመቶ ይለወጣል። ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑ በሰከንድ 1 ጊዜ ብቻ ይታደስ ቢባል ደግሞ መዛነፉ 2 ቮልት ይሆናል፤ ምስሉ ጨርሶ ተበላሸ ማለት ነው። ሙቀትም ሽልኮታውን ይጨምራል፤ በበጋው ማብቂያ በቆላው ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ስልክ ቀዝቃዛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተለካው ጋር አንድ አይደለም።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ቁስ ነው። ሂዴዎ ሆሶኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢንዲየም፣ ጋሊየምና ዚንክ ኦክሳይድ ትራንዚስተር ሠርተው አሳዩ። የዚህ ትራንዚስተር ሽልኮታ ከፖሊሲሊከኑ እጅግ ያነሰ ነው። በዚያው ስሌት 0.00001 ፒኮአምፔር ብንወስድ፣ በሙሉ 1 ሰከንድ የሚጠፋው 0.2 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሆኖም ፖሊሲሊከን ከረንት በመስጠት ይበልጣል። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች ሁለቱን አጣመሩ፤ ከካፓሲተሩ ጋር የሚገናኙትን በሮች ከኦክሳይድ፣ ከረንት ሰጪውን ከፖሊሲሊከን አደረጉ። ኤልቲፒኦ የሚባለው ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 4ኛው የአፕል ሰዓት ውስጥ ገብቷል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከረንት ሰጪው ትራንዚስተር ግን ትዝታ አለው፤ ቀድሞ የነበረበት ቮልቴጅ የአሁኑን ጠባዩን ይነካል። ምስል የሚጻፍበት ዙርና ያው ምስል የሚቆይበት ዙር በብርሃን ይለያያሉ፤ ልዩነቱ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢደጋገም ዐይን በግልጽ ያየዋል። ስለዚህ 8ኛ ትራንዚስተር ይጨመራል፤ አዲስ ምስል በማይጻፍበት ዙርም ለከረንት ሰጪው ያንኑ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፣ ዳዮዱም እንደገና ወደ መነሻው ይመለሳል። ሁሉም ዙር አንድ ዓይነት ይሆናል። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ንድፍ ብልሃት ያለው ይህ ነው፤ ስሕተቱን አያጠፋውም፣ በሁሉም ዙር እኩል በማድረግ ከዐይን ይሰውረዋል።

አሁን ወደ ማታው አንባቢ እንመለስ። ድምቀትን ለመቀነስ ከረንቱን መቀነስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን የሁለት ጎረቤት ፒክስሎች የመክፈቻ ቮልቴጅ ከማካካሻ በኋላ በ20 ሚሊቮልት ይለያይ እንበል። ትርፉ ቮልቴጅ 1 ቮልት ሲሆን የብርሃናቸው ልዩነት 4 በመቶ ነው፤ 0.1 ቮልት ሲሆን ግን 44 በመቶ ይደርሳል፤ ስክሪኑ ዥንጉርጉር ይሆናል። ስለዚህ ከረንቱን እንዳለ ትተው ብርሃኑን በፍጥነት ያበሩታል፣ ያጠፉታል፤ በብዙ ስልኮች በሰከንድ 240 ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 1789 ምክር፣ ምንም እንኳ ስለ መብራት እንጂ ስለ ስክሪን ባይሆንም፣ በ240 ሄርትዝ ዝቅተኛ ስጋት ያለበትን የብርሃን መዋዠቅ በ19 በመቶ ገደማ ይወስነዋል። ሙሉ በሙሉ የሚጠፋና የሚበራ ብርሃን መዋዠቁ 100 በመቶ ነው።

ታዲያ ለምን ፍጥነቱን አይጨምሩም? ይጨምራሉ፤ 1920ና 3840 ሄርትዝ የደረሱ ስክሪኖች አሉ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በ3840 ሄርትዝ አንዱ ዙር 260 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ብርሃኑ የዚህን 2 በመቶ ብቻ ይብራ ቢባል 5 ማይክሮሰከንድ ይቀራል። ትእዛዙን የሚያደርሰው ቀጭን ሽቦ የራሱ ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ ስላለው፣ የስክሪኑ ዳርና መሐል እኩል ላይበሩ ይችላሉ።

ተማሪዎች ይህን ራሳችሁ ልትመረምሩት ትችላላችሁ። የስልኩን ድምቀት ዝቅ አድርጋችሁ በጨለማ እርሳስ ከፊቱ ብታወዛውዙ፣ የእርሳሱ ጥላ እየተቆራረጠ ከታየ ብርሃኑ ይርገበገባል። መጠኑን ለማወቅ አንድ ፎቶዳዮድና አንድ ኦሲሎስኮፕ ይበቃል፤ በሦስት የድምቀት ደረጃዎች፣ አንድ ጊዜ በጠዋት ቅዝቃዜ፣ አንድ ጊዜ በቀትር ሙቀት ለኩት።