ዝዩን ከማባረር በፊት ሳሩን ማየት

በሚኒሶታም ሆነ በቨርጂኒያ ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሰው የካናዳ ዝይ ሲያስመርረው ጥያቄው አንድ ነው፦ «የሚያስፈራራቸው ምን አለ?» የፕላስቲክ ቀበሮ ተገዝቶ ይተከላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ዝዮቹ እግሩ ሥር ሳር ሲግጡ ይታያሉ። ዝይ ሳር በል ነው። አጭር፣ ለምለም፣ ማዳበሪያ የጠገበ ሳር ይወዳል፤ ሲግጥ ዙሪያውን ማየት፣ ሲደነግጥም ቶሎ ውኃ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። እስከ ውኃው አፍ የታጨደ ግቢ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ በበጋው መጀመሪያ የክንፉን ላባ ስለሚጥል ለአንድ ወር ገደማ መብረር አይችልም፤ ጫጩቶቹም ገና አይበሩም። ግቢውን በኩስ የሚሞላው ቤተሰብ ያን ጊዜ ከሐይቁ የሚወጣው በእግሩ ነው።

በእግሩ የሚመጣን ወፍ ደግሞ ተክል ያግደዋል። በውኃው ዳር አምስት ስድስት ሜትር ስፋት ያለው፣ ወገብ የሚደርስ የአገሩ ሳርና አበባ ቢበቅል ዝይ አዳኝ ሊሸምቅበት ይችላል ብሎ ይሸሸዋል። «ሐይቁን ይጋርድብኛል» ለሚል፣ ጠመዝማዛ ቀጭን መንገድ ይበቃል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ግን ለዝይም ውኃውን ያሳየዋል። «ተይዘው ራቅ ወዳለ ቦታ ይወሰዱ» የሚለውም አያዋጣም፤ ትልልቆቹ ተመልሰው ይመጣሉ። እንቁላሉን መስበር ደግሞ ሁለት ጊዜ ያከስራል፦ ከ1918 ጀምሮ ወፉም ጎጆውም በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ እናቲቱም እንደገና ልትጥል ትችላለች። ተመዝግቦና መመሪያውን ተከትሎ፣ ገና በመታቀፊያው መጀመሪያ እንቁላሉን የበቆሎ ዘይት መቀባት ይሻላል፤ የቅርፊቱ ቀዳዳ ተደፍኖ ጽንሱ ሲቀር እሷ መታቀፏን አትተውም። ይህ ግን የነገውን ቁጥር እንጂ ከሃያ ዓመት በላይ ሊኖር የሚችለውን የዛሬውን ዝይ አይቀንስም።

«ወራሪ» እያሉ መርገሙም ታሪክ መርሳት ነው። ግዙፉ የካናዳ ዝይ ጠፍቷል ተብሎ ቆይቶ በ1962 ሮቼስተር፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ አራብቶ በየሐይቁ የለቀቀው ሰው ነው፤ ሳሩን የዘራለትም፣ ዳቦ የሚወረውርለትም ሰው ነው።

አንድ ግቢ ብቻውን ተክል ቢተክል ዝዮቹ ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። ለዚህም ነው ጉዳዩ የዳርቻው ነዋሪ ሁሉ የሚሆነው። ብዙ ቦታ ግን የነዋሪዎች ማኅበር ሳሩን ያስረዘመን ሰው ይቀጣል። ዝይ ማባረሪያ ከመግዛት በፊት ያ ደንብ ይቀየር።