የትንሽ ሱቅ የመጠጥ ፈቃድ በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደሚመረመር

መጠጥን መሸጥ ከሌላው ንግድ ሁሉ የተለየ መሆኑን የማያውቅ መንግሥት የለም። ጨው የሚሸጥ ሰው ለማን እንደ ሸጠ አይጠየቅም፤ አቡጀዲ የሚሸጥም፥ የገዛው ሰው ለብሶት ወዴት እንደ ሄደ አይመረመርም። መጠጥ የሚሸጥ ግን ለማን፥ በስንት ሰዓት፥ በምን አኳኋን እንደ ሸጠ ይጠየቃል። ስለዚህ ሹማምንት ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን በእጃቸው ጠብቀው ይኖራሉ። ዳሩ ግን ፈቃድ መስጠት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ፥ አንድ ጊዜ የሰጡትን ፈቃድ እንደ ገና ተመልክቶ፥ ይቆይ ወይስ ይነሣ ብሎ መፍረድ ነው። እንግሊዞች በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ሲያወጡና ሲያወርዱ ስለ ኖሩ፥ አካሄዳቸውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። የምንጠቅሳቸውም ዘመኖች፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቢራ የሚሸጥባቸው ቤቶች ከዳኞች ፈቃድ እንዲቀበሉ በእንግሊዝ አገር ሕግ የወጣው በ1552 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ነው። ባለ ሱቅ ከሻይና ከስኳር ጋራ የታሸገ ወይን እንዲሸጥ መንገድ የተከፈተለት ግን እጅግ ዘግይቶ፥ ግላድስቶን የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፥ በ1860 እና በ1861 በወጡት ሕጎች ነው። በ1891 ደግሞ የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የመኳንንት ምክር ቤት ሻርፕና ዌክፊልድ በተባለው ክርክር፥ ዳኞች ፈቃድን ከማደስ ሊከለክሉ እንደሚችሉ፥ ነገር ግን ይህን ሲያደርጉ በገዛ ስሜታቸው ሳይሆን በሕግና በአእምሮ ሚዛን እንዲሄዱ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ የተነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ፍርድ ብዙ አልራቀም።

ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት ሕግ በ2003 የወጣውና ከኅዳር 24 ቀን 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ነው። ይህ ሕግ ሥልጣኑን ከዳኞች ወስዶ ሕዝብ ለመረጣቸው የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ሰጠ። ቀድሞ ፈቃዱ በየጊዜው ይታደስ ነበርና ባለ ሱቁ ዘመኑ በደረሰ ጊዜ መልካም ጠባዩን ማሳየት ግድ ይሆንበት ነበር። የዛሬው ፈቃድ ግን ሱቁ በየዓመቱ ክፍያውን እስከ ከፈለ ድረስ በተለመደው መንገድ የጊዜ ወሰን የለውም። ስለ ሆነም ለጎረቤት የቀረለት ዋና መከላከያ፥ ፈቃዱ እንደ ገና ይመርመርልኝ ብሎ ማመልከት ነው።

ማመልከቻውን ፖሊስ፥ የንግድ ተቆጣጣሪዎች፥ የጤና ሹሞች፥ ሕፃናትን የሚጠብቀው ክፍል፥ ወይም ማንም ተራ ሰው ሊያቀርብ ይችላል። ነገር ግን ሱቁን ጠላሁት ማለት አይበቃውም። ክሱ ከአራቱ የሕጉ ዓላማዎች በአንዱ ላይ ሊቆም ይገባዋል፤ እነዚህም ወንጀልንና ሁከትን መከልከል፥ የሕዝብን ደኅንነት መጠበቅ፥ ሕዝብን የሚያውክ ነገርን ማስወገድ፥ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ ናቸው። የሕዝብ ጤና በቁጥሩ ውስጥ አለመግባቱ ያስደንቃል፤ ስኮትላንዶች በራሳቸው ሕግ አምስተኛ አድርገው ጨምረውታል፥ በዚህም ከእንግሊዞች የተሻለ አስበዋል እንላለን። ለነገር ወይም ለጠብ ብቻ የቀረበ የተራ ሰው ማመልከቻ በዚያው ይጣላል።

ማመልከቻው ከተቀበለ በኋላ ምክር ቤቱ በሱቁ አጠገብ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ለ28 ቀንም ሐሳብ ያለው ሁሉ በጽሑፍ ያቀርባል። ከዚህ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት የምክር ቤት አባሎች ተቀምጠው ነገሩን በግልጥ ይሰማሉ።

ነገሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እናቁም። ባልና ሚስት የያዙት ትንሽ ሱቅ አለ እንበል፤ ዳቦ፥ ወተት፥ ጋዜጣ፥ ትምባሆና መጠጥ ይሸጣሉ። ፖሊስ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ልኮ ቢራ ያስገዛል፤ ይህ በሕጉ የተፈቀደ የመፈተኛ መንገድ ነው። ማታ የተቀመጠው የወንድም ልጅ የዕድሜ ማስረጃ ሳይጠይቅ ይሸጥለታል። ከሁለት ወር በኋላም ይኸው ይደገማል። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ለልጅ መሸጥ በሕጉ ራሱን የቻለ ከባድ ጥፋት ነው። ጎረቤቶችም በበኩላቸው ብርቱ ቢራ በነጠላ ቆርቆሮ እየተሸጠ ሰካራሞች በደጃቸው እንደሚያድሩ ይጽፋሉ።

ሦስቱ ሰዎች በፊታቸው ያለው መንገድ ብዙ ነው። ምንም ሳያደርጉ ሊተዉት፥ በፈቃዱ ላይ አዲስ ግዴታ ሊጨምሩበት፥ ለመጠጡ ሽያጭ ኃላፊ ሆኖ የተሰየመውን ሰው ሊያነሡት፥ ፈቃዱን እስከ ሦስት ወር ሊያግዱት፥ ወይም ጨርሰው ሊሰርዙት ይችላሉ። ግዴታ ሲጨምሩ፥ ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ገዢ ሁሉ ማስረጃ መጠየቅ፥ እንቢ የተባሉትን ሰዎች በመዝገብ መጻፍ፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ማቆም፥ መጠጥን በነጠላ አለመሸጥ የተለመዱ ናቸው።

አባሎቹ ወንጀለኛን የሚቀጡ ዳኞች አይደሉም፤ ወደ ፊት የሚሆነውን እያዩ ሕዝቡን የሚጠብቁ ናቸው። ስለዚህ በ2016 የኢስት ሊንድዚ ምክር ቤት በተከራከረበት ነገር ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ ፈቃድን ለማንሣት ባለ ፈቃዱ አስቀድሞ በወንጀል የተፈረደበት መሆን እንደማያስፈልግ አስታወቀ። በ2008ም የባሴትሎ ምክር ቤት ባቀረበው ክርክር፥ ሌሎች ነጋዴዎች አይተው እንዲፈሩ ማድረግ ተገቢ ምክንያት ነው ተብሏል። መንግሥት ለምክር ቤቶቹ የጻፈው መምሪያ ደግሞ፥ ሱቁ ቀረጥ ያልተከፈለበት ትምባሆና መጠጥ ሲሸጥ ከተገኘ፥ ጥፋቱ የመጀመሪያ ቢሆንም እንኳ መሰረዝ በብርቱ እንዲታሰብ ያዛል።

በዚህ ላይ አንድ ብልሃት ተፈጥሯል። መመርመሪያው ቀን ሲቀርብ ፈቃዱ በድንገት ወደ እኅት ወይም ወደ አጎት ስም ይዛወራል፤ አዲሱም ባለ ፈቃድ ጥፋቱ የቀድሞው ሰው ነው፥ እኔ ንጹሕ ነኝ ይላል። ልባም የሆኑ አባሎች ግን የቤቱን ኪራይ ማን እንደሚከፍል፥ የባንክ ሒሳቡ በማን ስም እንዳለ፥ የሱቁን ቁልፍስ ማን እንደሚይዝ ይጠይቃሉ። የአገራችን ሹማምንትም ይህን ዓይነት ዝውውር ሳያውቁት አይቀሩም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የባለ ሱቁን ችግር አንዘነጋም። በእንግሊዝ አገር ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹን የያዙ ከሕንድ፥ ከፓኪስታን፥ ከስሪ ላንካና ከቱርክ የመጡ ቤተ ሰቦች ናቸው፤ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ። መጠጥ ሊገዛ የገባ ሰው ዳቦውንም ወተቱንም እግረ መንገዱን ይገዛልና፥ ፈቃዱ የተነሣበት ሱቅ ብዙ ጊዜ ሌላውንም ገበያ ያጣል። በርካሽ ዋጋ እጅግ ብዙ መጠጥ የሚሸጠው ትልቁ መደብር ግን የሕግ ዐዋቂዎችና ሠራተኛ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉት። ልጅን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ በትንሹ ነጋዴ ላይ ብቻ ሲበረታ ማየት አያስደስትም። ሆኖም ድህነት ለልጅ አረቄ ለመሸጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ በዚህስ ከእንግሊዞቹ ጋራ አንድ ነን። የእኛ አገር ሕግ ይልቁንም ከነርሱ ጠንክሯል፤ በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው 1112ኛው አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። የዕድሜ ማስረጃ በደጅ ላይ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን እስካሁን በብዛት አላየንም።

በ2017 የመኳንንት ምክር ቤት ያቆመው የምርመራ ጉባኤ የ2003ቱን ሕግ አጥብቆ ነቅፎ፥ ይህ ሥራ ከፈቃድ ጉባኤዎች ተወስዶ የቤት ሥራንና የመሬትን ፕላን ለሚያዩ ጉባኤዎች እንዲሰጥ መከረ። መንግሥቱ ምክሩን አልተቀበለም።

ፈቃዱ የተሰረዘበት ሰው በ21 ቀን ውስጥ ወደ ዳኞች ይግባኝ ይላል። ይግባኙም እስኪያልቅ ድረስ ፍርዱ በተለመደው አካሄድ አይፈጸምምና ሱቁ እንደ ቀድሞው መጠጡን ይሸጣል፤ ይህም ወራት ሊፈጅ ይችላል። በጉባኤው ፊት ቆመው የመሰከሩት ጎረቤቶች በማግሥቱ ማታ ያው መብራት በርቶ፥ ያው ቆርቆሮ ሲሸጥ አይተው ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቃሉ፤ ጸሓፊውም የቀጠሮውን ቀን ነግሮ ያሰናብታቸዋል።