የኢትዮጵያ ቡና ለምን «የዓረቢያ» ተባለ? ላቲንና የሕያዋን ሳይንሳዊ ስም

በዓለም ገበያ «አራቢካ» እየተባለ የሚሸጠው ቡና ጥንተ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኮፊያ አራቢካ ግን «የዓረቢያ ቡና» ማለት ነው። ስሕተቱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙ አልታረመም።

ስሙ በወጣበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት፣ ስዊድናዊም ሆኑ ጣልያናዊ፣ የሳይንስ መጻሕፍታቸውን በአብዛኛው የሚጽፉት በላቲን ነበር። ላቲን የማንም አፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ በኋላም በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ኖሯል፤ ነገሩ በኢትዮጵያ የግዕዝን ስፍራ ያስታውሳል። በዕለት ተዕለት ንግግር ስለማይሠራበት የቃላቱ ትርጉም በቀላሉ አይለዋወጥም። የየትኛውም አገር ሕዝብ ቋንቋ አለመሆኑም በኋላ ዘመን ይበልጥ ጠቅሟል።

አስቸጋሪው የስሞቹ ርዝመት ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቡና የተሰጠው የላቲን ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቅጠሉ የሎረልን ቅጠል የሚመስል፣ ፍሬውም በእኛ ዘንድ ካፌ የሚባል የዓረቢያ ጃስሚን» እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ለማንም ቀላል አልነበረም። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እአአ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ግን እያንዳንዱን ተክል በሁለት ቃል ጠራው፤ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ከወገኑ መካከል ዝርያውን ይለያል። በ1758 እንስሳትንም በዚሁ ሥርዓት ሰየመ። ቡና «አራቢካ» የሚለውን ቅጽል ይዞ የቀረው በዚያ የ1753 መጽሐፍ ነው፤ አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በዋናነት በየመን ወደቦች በሚያልፍ ንግድ ነበርና።

ዛሬ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ቀድሞ በሥርዓቱ የወጣ ስም ትርጉሙ ከእውነታው ጋር ባይገጥም እንኳ ይጸናል። ስም በታረመ ቁጥር የቀደሙት ጥናቶች ስለ የትኛው ተክል እንደሚናገሩ ያደናግራል ተብሎ ይታሰባል። የወገኑ ቃል ግን ተመራማሪዎች የተክሉን ዝምድና በአዲስ መንገድ ሲረዱ ይለወጣል። ጤፍ መጀመሪያ ፖአ ከሚባለው የሣር ወገን ተመድቦ ነበር፤ አሁን ኤራግሮስቲስ ጤፍ ይባላል።

የጤፍ ስም ሌላም ነገር ያሳያል። «የላቲን ስም» ሲባል ላቲን የሆነው አጻጻፉና ሰዋስዉ ነው፤ ቃሉ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ኤራግሮስቲስ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ጤፍ ከነስሙ የኢትዮጵያ ነው። ዋልያ በሳይንስ ካፕራ ዋሊ ነው፤ ካፕራ በላቲን ፍየል ማለት ነው። እንሰት ደግሞ ከዚህም አልፎ ስሙን ለወገኑ በሙሉ ሰጥቷል፤ እንሰቴ ቬንትሪኮሱም ተብሎ ይጠራል።

በላቲን የመጻፉ ግዴታ በከፊል ላልቷል። አዲስ የተገኘን ተክል የሚሰይም ተመራማሪ እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ የተክሉን መግለጫ በላቲን ማቅረብ ነበረበት፤ ከ2012 መግቢያ ጀምሮ እንግሊዝኛም ተፈቅዷል። ስሙ ራሱ ግን ዛሬም በላቲን መልክ ይጻፋል።