ጧፉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሠሪው ነው

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር የአገራችን ሰው በርበሬና ሽሮውን ከአገር ቤት እንደሚያስመጣ ሁሉ ጧፍም ያስመጣል። ጧፍ የማይፈልግ ኦርቶዶክሳዊ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሌሊት፣ ለፍልሰታ ኪዳንና ለስለት ይፈለጋል። ከአገር ቤት የሚመጣው ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ እዚሁ ሰም አቅልጦ፣ ክር ፈትሎ የሚሠራ ሰው ይኖራል። ሥራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ድስት፣ ምድጃ፣ የጥጥ ክርና ሰም ካለ በአንዲት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ለስደተኛ እንጀራ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። «ሰም ነው» ተብሎ የሚሸጠው ጧፍ በእርግጥ ሰም ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ ሰም ካልሆነስ ሻጩ ለገዢው መናገር አለበት ወይ? በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ይህንኑ ነው።

ሰም ከየት፣ ፓራፊን ከየት

እንደሚታወቀው የንብ ሰም የሚገኘው ማሩ ከተለየ በኋላ ከሚቀረው ነው። በአገራችን በተለይ ጠጅ ቤቶች ትልቅ የሰም ምንጭ ናቸው። ጠጁ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይሰበሰባል፣ በውሃ ይቀቀላል፣ በጨርቅ ወይም በጆንያ ይጨመቃል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። ሰም ከቡናና ከቆዳ ጋር በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ሲላክ የኖረ ሸቀጥም ነው። ስለዚህ ሰም ለጅቡቲ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም።

ፓራፊን ግን ሌላ ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነጭ ነገር ነው። በሱቅ በፓኮ የምንገዛው ነጭ ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ የተሠራ ነው። ሦስተኛው ስቴሪን የሚባለው ሲሆን ከከብት ሞራ ወይም ከፓልም ዘይት ይሠራል። አንዳንዴም ማንም ስም ሳያወጣለት እንዲያው ሞራ ቀልጦ ይጨመራል። እነዚህ ሁሉ ከንብ ሰም ይረክሳሉ፤ ሲቀልጡም ከሰሙ ጋር በቀላሉ ይቀላቀላሉ። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

መደባለቅ በራሱ ወንጀል አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ሰምን ከፓራፊን ጋር ማደባለቅ በራሱ ማታለል አይደለም። መብራት ሲጠፋ ልጁን የሚያስጠና አባት የሚፈልገው እስከ ማታ የሚበራና ዋጋው የማይከብድ ሻማ ነው። ለእሱ ከሰምና ከፓራፊን የተሠራው ይስማማዋል። ንጹሕ ፓራፊን ቢሆንም ግድ የለውም። ትንሽ ስቴሪን ደግሞ ሻማውን ጠንከር ያደርገዋል።

ለስለት ጧፍ የምትገዛ እናት ግን ሌላ ነገር ነው የምትገዛው። እሷ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትፈልገው፤ የንብ ሰም ነው የምትፈልገው። ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ከንብ ሰም የተሠራ ጧፍ መሆኑ ከአባቶች የመጣ ልማድ ነውና። ፓራፊን ያለበትን «ንጹሕ ሰም ነው» ብሎ የሸጠላት ሰው ያልተስማማችበትን ነገር አሸክሟታል። ሞራ ከገባበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኦርቶዶክሱ በጾም ቀን በመቅደስ ውስጥ የከብት ስብ አብርቶ መገኘት አይፈልግም። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ሞራው ከምን እንስሳ እንደመጣ የማወቅ መብት አለው።

ድብልቅ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሚመልሱት ካህናቱ ናቸው እንጂ እኛም ሻጩም አይደለንም። የሻጩ ድርሻ ካህኑም ምእመኑም መወሰን እንዲችሉ እውነቱን መንገር ነው።

ውሸቱ ስንት ያወጣል?

በቁጥር እንየው። የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት ያህል የወሰድናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ኪሎ የንብ ሰም 3000 ፍራንክ፣ አንድ ኪሎ ፓራፊን 1000 ፍራንክ ነው እንበል። ሠሪው 600 ግራም ሰምና 400 ግራም ፓራፊን ቢያደባልቅ ለሰሙ 1800፣ ለፓራፊኑ 400፣ በድምሩ 2200 ፍራንክ ያወጣል። በኪሎ 800 ፍራንክ ተረፈው ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ እያንዳንዱ 25 ግራም የሆነ 40 ጧፍ ቢወጣ በአንድ ጧፍ 20 ፍራንክ ይደርሰዋል።

በአንድ ጧፍ 20 ፍራንክ! ድብልቅ መሆኑን ተናግሮ ዋጋውን በዚያው ልክ ቢቀንስ ገዢው ይጠቀማል፣ እሱም ሥራው አይቆምም። ሳይናገር ቢሸጥ ግን በ20 ፍራንክ ስሙን አስይዟል። በካምፕና በስደተኛ ሰፈር ደግሞ ገዢና ሻጭ አንድ ቦንቦ ውሃ ይቀዳሉ፣ አንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ወሬው ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም።

እርግጥ ነው፣ ሐቀኛው ነጋዴ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። እሱ ንጹሑን በዋጋው ሲሸጥ ጎረቤቱ ድብልቁን «ንጹሕ» ብሎ በረከሰ ዋጋ ያቀርባል። ገዢውም ወደ ርካሹ ይሄዳል። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሐቀኛው ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያቀርብና ልዩነቱን ቢያስረዳ፣ ገዢው በዚያኛው ቤት ያልተጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል።

በእጅና በአፍንጫ መለየት ይቻላል ወይ?

በከፊል ይቻላል። የንብ ሰም የማር ሽታ አለው። በእጅ ሲያሹት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ጣት ላይ ቅባት አይተውም። በቀዝቃዛ ሰዓት ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና ሻካራ ነው። ፓራፊን የበዛበት ሲሆን ነጣ ይላል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲጠፋም የነዳጅ ሽታ ይሰጣል። ሞራ ያለበት ጣትን ያወዛል፣ ሲነድ ያጨሳል፣ የተቃጠለ ስብ ይሸታል።

ይሁንና ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ስንት እጅ እንደተቀላቀለ አይነግረንም። ጥቂት ሰም ብዙ ፓራፊንን ሊያሸት ይችላል። ትክክለኛውን መጠን የሚያውቅ ላቦራቶሪ ነው፤ አንድ ጧፍ ይዞ ላቦራቶሪ የሚሄድ ገዢ ደግሞ የለም። እንግዲህ መጠኑን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ድስቱ አጠገብ የቆመው ሰው ብቻ ነው። የመናገር ግዴታው በእሱ ላይ የሚወድቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው ስላልጠየቀ ዝም ማለት ሰበብ አይሆንም። የማያውቀውን ነገር እንዴት ብሎ ይጠይቃል?

የጅቡቲ ሙቀትና የሐሰት ክስ

ሻጩም በሐሰት የሚከሰስበት ጊዜ አለ። በጅቡቲ ከተማ በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። የፍልሰታ ጾምም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆንም መለስለስ የሚጀምረው ግን በጣም ቀደም ብሎ፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ጧፍም ቢሆን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይጎብጣል። ጎበጠ ማለት ፓራፊን አለበት ማለት አይደለም። ገዢዎች ይህን ልብ ማለት ይገባናል። ሻጩም አስቀድሞ «በሙቀት ይጣመማል፣ ጥላ ቦታ አጋድመሽ አስቀምጪው» ቢል ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ሻጩ ራሱ ባያውቅስ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሰሙ ከሰፈፍ አቅላጩ እስከ ጅቡቲ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። በመንገድ ላይ ማን ምን እንደጨመረ ጧፍ ሠሪው ላያውቅ ይችላል። በገበያችን ቅቤ በሙዝ፣ ማር በስኳር፣ በርበሬ በሸክላ ዱቄት ሲባል የሰማነውን ያስታውሷል። ትልቅ ተቋምም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ወርቅ ውስጥ ወርቅ የተቀባ ብረት መገኘቱ በዓለም ዜና ተነግሯል። ባንኩ ወርቅ ብሎ የገዛው ብረት ነበር።

ታዲያ ያልመረመረውን ሰም የገዛ ጧፍ ሠሪ ምን ይበል? የሚያውቀውን ይናገር፣ የማያውቀውንም ይናገር። «እኔ ምንም አልጨመርኩበትም፣ ሰሙን ግን በንጹሕነት ነው የገዛሁት፣ አላስመረመርኩትም» ማለት ውሸት የሌለበት ንግግር ነው። «መቶ በመቶ ንጹሕ ነው» ብሎ መማል ግን ያላዩትን መመስከር ነው።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ምን አደረገ?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1581 ባወጣው ሕግ ሰም ውስጥ ሙጫ፣ ሞራና ሌላ የማታለያ ነገር መጨመርን ከልክሏል፤ አቅላጩም የራሱን ምልክት በሰሙ ላይ እንዲያትም አዟል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1904 ለቅዳሴ የሚበሩት ሻማዎች በአብዛኛው ከንብ ሰም የተሠሩ እንዲሆኑ ወስናለች። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ሰም ማግኘት እንደከበደ ተቀብላ ድብልቁ ግን ልክ እንዲኖረው አደረገች ማለት ነው። ሁለቱም ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፤ ሠሪው በሥራው ላይ ምልክቱን ያኑር፣ ድብልቁም በስሙ ይጠራ።

በተግባር ምን እናድርግ?

በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ስደተኛው ሠርቶ የማደር መብት እንዲኖረው አድርጓል። በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ባለው ገበያም ይሁን በባልባላ፣ በአሊ አዴም ይሁን በሆልሆል፣ በይፋ የሚሸጥ ሰው በይፋ የሚታወቅ ስም ይኖረዋል። ያን ስም ለመጠበቅ የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ሦስት ስም ብቻ እንጠቀም። የንብ ሰም ብቻ ከሆነ «ንጹሕ ሰም»፣ ከተቀላቀለ «ድብልቅ»፣ ሰም ከሌለበት «ሻማ» እንበል። «የሰም ሻማ»፣ «ልዩ ጧፍ» የሚሉ አሻሚ ስሞች ይቅሩ።

ሁለተኛ፣ ድብልቁን ከመጣል በፊት በሚዛን እንለካ። ሚዛን ከሌለ በአንድ ጣሳ ቀልጦ እየተለካ ይግባ። ያልለካ ሰው ስንት እጅ እንደሆነ መናገር አይችልም።

ሦስተኛ፣ ማንበብ የማይችል ገዢ ስላለ ምልክት በቀለም ይሁን። ለምሳሌ ንጹሑ በነጭ ክር፣ ድብልቁ በቀይ ክር ይታሰር።

አራተኛ፣ ገንዘብ ከመቀበል በፊት እንናገር። «እማማ፣ ይሄኛው ንጹሕ ሰም ነው። ያኛው ግን ከአሥር እጅ አራቱ ፓራፊን ነው፤ ዋጋውም ለዚህ ነው የቀነሰው። ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ይሄኛውን ይውሰዱ፣ ለቤት ከሆነ ያኛው ይበቃዎታል።» ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አምስተኛ፣ ሞራ ከገባ ሳይጠየቅ ይነገር። ይህ በዋጋ የሚካካስ ነገር አይደለም።

እኛ ገዢዎችም ድርሻ አለን። እውነቱን የነገረንን ሻጭ «ታዲያ አንተም ትቀላቅላለህ?» ብለን ካሳፈርነው ነገ ዝም ይላል። «ስንት እጅ ነው?» ብለን በጨዋ ቋንቋ እንጠይቅ፤ ለነገረንም እናመስግን፣ ተመልሰንም ከእሱ እንግዛ።